«ለማንጠፍ ብቻ ይህን ያህል?» ስለ ትልልቅ ሴራሚክ ዋጋና ስለምንንቀው እጅ

ወገን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ወለል ሴራሚክ ነው። «ፔጁን ምን ነካው?» ብላችሁ አትለፉት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጉዳዩ የኪሳችን ነው፣ የክብራችንም ነው።

ከእኛ መካከል ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቤት የተቀመጠው ስንቱ ነው? ሥራ ያጣ ምሩቅ ደግሞ አንድ ሥራ አያጣም፦ የዘመድ ቤት ማስጨረስ። አክስታችሁ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ወለሉን ባዶ ሲሚንቶ ተረክባለች። ጅዳ ወይ ቤሩት ያለች እህታችሁ የእናቷን ቤት ለማስጨረስ ብር ልካለች። «አንተ ተምረሃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሂዱና አሠሩልኝ» ትባላላችሁ። ስለዚህ ከሴራሚክ አንጣፊው ፊት ቆማችሁ ዋጋ የምትከራከሩት እናንተ ናችሁ። ሴራሚኩ 60 በ120 መሆኑን ነግራችሁት የእጁን ዋጋ ሲጠራ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድነው? «ለማንጠፍ ብቻ ይህን ያህል?»

እኔ በኮንስትራክሽን ተመርቄያለሁ። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «የሦስት ዓመት ልምድ» ይላል፤ ቋሚ ሥራ የለኝም። ሲገኝ ሲገኝ ከአንድ አንጣፊ ጋር በረዳትነት እወርዳለሁ፤ ማጣበቂያ አቦካለሁ፣ ካርቶን እሸከማለሁ። ያቺን «ብቻ» የምትል ቃል በየሳይቱ ሰምቻታለሁ። እስቲ ዛሬ «ብቻ» ውስጥ ምን እንዳለ እንቁጠር።

በብር አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ በሚሠራ ሥራ ላይ የዛሬ ዋጋ ብነግራችሁ ነገ ውሸታም እሆናለሁ። ካሬና ኪሎ ግን ምንዛሪ አያውቁም። እኔ ካሬውንና ኪሎውን እሰጣችኋለሁ፤ የከተማችሁን ዋጋ እናንተ አባዙበት።

አንደኛ፦ ካሬው

ሳሎናችሁ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው እንበል። 20 ካሬ። አንድ 60 በ120 ሴራሚክ 0.72 ካሬ ይሸፍናል። 20ን ለ0.72 ስታካፍሉት 28 ፍሬ ይመጣል። «በቃ 28 ፍሬ ግዙ!» አይደል የምንለው?

ቆይ። 5 ሜትሩ ላይ 4 ሙሉ ሴራሚክ ስትደረድሩ 4 ሜትር ከ80 ይሆናል። ጥግ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ቁራጭ ትቀራለች። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቀበልም። መሃሉን ይይዝና 3 ሙሉ አንጥፎ ግራና ቀኙን 70፣ 70 ያደርገዋል። በ4 ሜትሩም በኩል እንዲሁ 5 ሙሉ፣ ዳርና ዳሩ 50፣ 50። አምሮ ይወጣል። ነገር ግን በየመስመሩ 5 ፍሬ፣ መስመሩ 7፣ ጠቅላላው 35 ፍሬ ሆነ። ከ120 ላይ 70 ተቆርጦ የሚተርፈው 50 ለሌላኛው ጫፍ አይበቃማ! 35 ፍሬ ማለት 25.2 ካሬ ነው። ሳሎኑ 20፣ ግዢው ከ25 በላይ።

ያንኑ ሳሎን በ60 በ60 ብታስነጥፉትስ? በአንዱ በኩል 7 ሙሉና ዳርና ዳር 40፤ በሌላው 5 ሙሉና ዳርና ዳር 50። 9 በ7፣ 63 ፍሬ፣ ወደ 22.7 ካሬ። ሁለቱም ዓይነት ብዙ ጊዜ በካርቶን 1.44 ካሬ ሆነው ነው የሚመጡት። ስለዚህ በትንሹ 16 ካርቶን፣ በትልቁ 18 ካርቶን ማለት ነው። በሁለቱም ላይ ለሚሰበረውና ወደፊት ለሚተካው አንድ ሁለት ካርቶን ጨምሩ። የዛሬ ዓመት ያንኑ ቀለም ሱቅ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።

«ትልቅ ሴራሚክ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ይረክሳል» የሚለውን ወሬ በዚህ ስሌት መዝኑት። ትልቁ በሰፊ ሳሎን ያምራል፣ አልክድም። በጠባብ ኮሪደርና በትንሽ መኝታ ቤት ግን ገንዘባችሁ ቁራጭ ሆኖ ውጭ ይጣላል። ሻወር ቤት ደግሞ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ወለሉ ከየአቅጣጫው ማዘንበል አለበት። ትልቅ ሴራሚክ አይታጠፍም፤ እዚያ ቤት ትንሹ ነው የሚሻለው።

ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ሒሳብ በወረቀት ላይ የሚሥልላችሁ አንጣፊው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በነፃ። ኢንጂነር ቢሠራው «የዲዛይን ክፍያ» ይባል ነበር።

ሁለተኛ፦ ኪሎው

9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖርስሊን ካሬው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንዱ 60 በ120 ወደ 15 ኪሎ ነው። 18 ካርቶን ሲሆን ከ5 ኩንታል በላይ ነው። ማጣበቂያው ሌላ አንድ ኩንታል እና ከዚያ በላይ። ይህ ሁሉ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይወጣል። ጫኝና አውራጅ ከመኪና አውርዶ መሬት ላይ ይተወዋል፤ ደረጃው ሌላ ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ አስቀድሞ ካልተነገረ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከማን ኪስ ይመስላችኋል? ከረዳቱ ወገብ።

15 ኪሎ ብቻውን ከባድ አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ይህ 15 ኪሎ አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት አለው፣ ማዕዘኑ በትንሽ ግጭት ይሸረፋል፣ ማጣበቂያው ላይ ካረፈ በኋላ በሚሊ ሜትር ነው የሚስተካከለው። አንድ ሰው ብቻውን አያስቀምጠውም። ስለዚህ «የአንድ ሰው ሥራ» ብላችሁ ስታስቡት ሁለት ሰው እየከፈላችሁ ነው፤ ሊገባችሁ የሚገባው ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ከሥር ያለው

ትንሽ ሴራሚክ የወለልን ጉድለት ይሸሽጋል፤ ትልቁ ያጋልጣል። የአሜሪካኖቹ የንጣፍ ደረጃ አንድ ጎኑ 38 ሴንቲ ሜትር ግድም እና ከዚያ በላይ የሆነ ሴራሚክ የሚነጠፍበት ወለል በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይጎድል ወይም እንዳይነሳ ይጠይቃል። ለትንሹ ሴራሚክ የእጥፉን ያህል ይፈቅዳል። እስቲ የእኛን ወለል በውሃ ልክና ረጅም ቀጥ ባለ ብረት ለኩት። ስንቱ ቤት 3 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል? ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪድ መሠራት አለበት፤ ስክሪዱም መድረቅ አለበት። «ለበዓል ይድረስልኝ» ተብሎ በእርጥቡ ላይ የተነጠፈ ቤት ቆይቶ ነው የሚናገረው።

ሌላው ማጣበቂያው ነው። የድሮው ሴራሚክ ጀርባው ውሃ ይጠጣል፣ የሲሚንቶ ማልታ ይይዘዋል። ፖርስሊን የሚጠጣው ውሃ ግን ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ጀርባው እንደ መስታወት ነው ማለት ይቻላል። ተራ ማልታ አይነክሰውም። ለዚህ የተሠራ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል፤ ከረጢቱ ላይ «ሲ2» የሚል ምድብ ያለውን ፈልጉ። ለትልቅ ሴራሚክ በካሬ 5 እስከ 6 ኪሎ ይፈጃል፤ ወለሉንም የሴራሚኩን ጀርባም ስለሚቀባ። ለ20 ካሬ 100 እስከ 120 ኪሎ ማለት ነው።

ወለሉ ካልተስተካከለስ? አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት በጨመራችሁ ቁጥር በካሬ ኪሎ ተኩል ያህል ማጣበቂያ ይጨመራል። በ20 ካሬ 30 ኪሎ። ለአንዲት ሚሊ ሜትር! ለስክሪድ ያልከፈለ ሰው በማጣበቂያ ይከፍላል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አራተኛ፦ እጁ

አሁን ወደ «ብቻ» እንምጣ። የእጅ ዋጋው ውስጥ ምን አለ?

ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ የሚቆርጥ መቁረጫ አለ፤ ትንሹ መቁረጫ አይደርስም። ፍሌክሲብል አለ፣ ዲስኩም ያልቃል። ሴራሚኩን ከላይ ይዞ የሚያነሳ እንደ መስታወት መሸከሚያ ያለ መምጠጫ አለ። ጠርዝና ጠርዝ እኩል እንዲቆም የሚያደርጉ ክሊፕና ሽብልቅ አሉ፤ ክሊፑ ተሰብሮ የሚጣል ነው፣ በየሥራው አዲስ ይገዛል። የረዳት ቀን ወጪ አለ። 60 በ60 ስናነጥፍ በቀን ከምንጨርሰው ካሬ 60 በ120 ሲሆን ግማሹን ብናደርስ ጥሩ ሠርተናል እንላለን። ካሬው በግማሽ ከቀነሰና የካሬው ዋጋ ያው ከሆነ የሰውየው ቀን በግማሽ ረከሰ ማለት አይደለም ወይ? ይህን ሒሳብ ዲግሪ ያለው ሰው እንዴት ይስተዋል?

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ኃላፊነቱ ነው። አንዱ ሴራሚክ በመቁረጥ ላይ ቢሰነጠቅ አሠሪው የመጀመሪያ ቃሉ «ከዋጋህ ይቆረጣል» ነው። የበር ማዕዘን ላይ ኤል ቅርጽ ሲቆረጥ ትንፋሻችንን ይዘን ነው የምናየው። ያንን አደጋ ተሸክሞ የሚሠራ ሰው ዋጋ ላይ አደጋውም አለበት። ንግድ ስለሆነ አይደል? ነጋዴ ሲያደርገው «ሪስክ» ይባላል፤ አንጣፊ ሲያደርገው «ዘራፊ»።

ታዲያ ሲረክስ ምን ይሆናል?

እናንተ ተከራክራችሁ ታስቀንሳላችሁ። ሰውየው «እሺ» ይላል። ልጆች አሉት፣ ሥራ የለም፣ ምን ይበል? ግን ያ የቀነሰው ብር ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ከየት ይመጣል? ከማጣበቂያው። ጀርባውን ሙሉ በጥርሳም ብረት ከመቀባት ይልቅ አምስት ቦታ ጠብ ጠብ ያደርግና ይለጥፈዋል። ፈጣን ነው፣ ላዩም ያምራል። በደረቅ ክፍል ቢያንስ የጀርባው 80 በመቶ፣ ውሃ በሚነካው ቦታ 95 በመቶ ማጣበቂያ መንካት አለበት ይላል ያው ደረጃ። ይህኛው ግን መሃሉ ባዶ ነው። ብር ከፍላችሁ አየር ላይ ቆማችኋል።

ዓመት ሳይሞላ ሶፋ ሲገፋ ኳ ይላል። የማሰሮ ክዳን ይወድቅና ይሰነጠቃል። አንዱን ለማንሳት ጎረቤቱ ይሸረፋል። ሴራሚኩ ደግሞ ሱቅ የለም። ይህ እንግዲህ ጅዳ ያለችው እህታችን ነው። ያንን ወለል እኮ በወር በወር ደመወዟ፣ በሰው ቤት ወለል ስትወለውል ነው የገዛችው። የእሷን የሁለት ዓመት ጉልበት ለማዳን ብለን በአንጣፊው ላይ ያስቀነስነው ብር የእሷኑ ጉልበት ሰበረው። ለወገን ማሰብ እዚህ ጋ ነው የሚለካው፤ ፎቶ ስር በሚጻፍ ኮሜንት አይደለም።

የክብር ነገር

እኛ ወጣቶች በላሊበላ እንምላለን። በፋሲል ግንብ ፎቶ እንነሳለን። ላሊበላን ያነጸው እጅ እኮ የተቆረጠ ድንጋይ መልሶ መቀጠል እንደማይቻል የሚያውቅ እጅ ነው። አንዴ ከተሳሳተ ዓለቱ ሄደ። ያንን ትክክለኛነት ታሪክ ላይ ስናየው «ጥበብ» እንለዋለን፤ ጎረቤታችን ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ ሚሊ ሜትር ሲለካ ስናየው «የቀን ሠራተኛ» እንለዋለን።

ይህ በሽታ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ በእጁ ሠርቶ የሚበላውን ሁሉ በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አስቡት፣ ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ! ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ስሙን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ «ተምረህ እንዲህ ሆንክ?» ነው የሚባለው። ማጣበቂያ ጫማዬ ላይ ደርቆ ታክሲ ስገባ ያጋጠመኝ ዓይን ይህንኑ ይላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ አራት ዓመት ክላስ ውስጥ ስለ ወለል ከተማርኩት ይልቅ ውሃ ልክ ይዤ በጉልበቴ የተማርኩት ይበልጣል። ዲግሪው ስሌቱን ሰጠኝ፣ ሳይቱ ደግሞ ስሌቱ የት ጋ እንደሚሰበር አሳየኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ባለሙያ የሚወጣው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላሉ አበው። ትልልቅ ሴራሚክ በየከተማው እየገባ ነው፤ በትክክል የሚያነጥፈው እጅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ክፍተት የእኛ ትውልድ እንጀራ ሊሆን ይችላል። ንባብ ያለው፣ ስሌት የሚችል፣ ደረጃ ምን እንደሚል ፈልጎ የሚያነብ ወጣት ይህን ሙያ ቢይዝ ማን ይቀድመዋል? ቢሮ እስኪጠራን ስንት ዓመት ነው የምንጠብቀው?

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አሠሪ ሆናችሁ ስትቆሙ እነዚህን አድርጉ።

አንድ፦ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍሉን ለክታችሁ የሴራሚኩን አቀማመጥ በወረቀት አሥሉ። ሴራሚክ የምትገዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት፦ «ካሬው ስንት?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ምን ያካትታል?» በሉ። ስክሪዱ፣ ዞኮሎው፣ ሸክሙ፣ ክሊፑ፣ መገጣጠሚያውን መሙላት፣ ቁራጭ ማስወጣት የማን ነው? ያልተጻፈው ሁሉ መጨረሻ ላይ ጠብ ይሆናል።

ሦስት፦ ሥራው ሲጀመር የተነጠፈውን አንድ ሴራሚክ ወዲያው አስነሱና ጀርባውን እዩ። ማጣበቂያው ሙሉ ነክቶታል ወይ? ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ራሱ ያሳያችኋል።

አራት፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከደረቀ በኋላ ወለሉን በሳንቲም መታ መታ አድርጋችሁ ክፈሉ። ባዶ የሚል ካለ ይነሳ። ካልኖረ ግን ያንኑ ቀን፣ ሙሉውን፣ ሳታመላልሱት ክፈሉ። የሠራተኛን ገንዘብ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ማለት ስርቆት ነው።

አንጣፊ ወንድሞቼ፣ እናንተም ስሙኝ። ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ሳይት መጥፋት፣ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ፣ የማይችሉትን «እችላለሁ» ማለት የሙያውን ስም የሚገድለው ይህ ነው። ከሠራችሁት ቤት ባዶ ድምፅ ቢወጣ ተመልሳችሁ አንሱት። ዋጋችሁን ቀና ብላችሁ መጥራት የምትችሉት ያኔ ነው። ክብር በልመና አይመጣም፣ በቀጥ ያለ ወለል ነው የሚመጣው።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቤት እያስጨረሰ ላለ ሰው ይህን ሼር አድርጉለት። ኮሜንት ላይ ደግሞ ከተማችሁን፣ የሴራሚኩን መጠን፣ የእጅ ዋጋው በካሬ ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚያካትት ጻፉ። ባሕር ዳርም ሁኑ አዳማ፣ ደሴም ሁኑ ሐዋሳ፣ ጻፉት። አሠሪውም እንዳይታለል፣ ሠሪውም እንዳይበደል ዋጋችን ግልጽ ይሁን። አንጣፊ የሆናችሁ ደግሞ ስልጠና ፈላጊ ምሩቅ በረዳትነት ለመውሰድ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ከተማችሁን ጻፉልን። እጁን የሚያቆሽሽ ተማሪ አይጠፋም።